በካርዱ ላይ ያለው ስም

ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የክሊኒካችን ካርድ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ «የባለቤት ስም» የሚል መስመር አለ። እሱን ሳልሞላ ለየትኛውም ከብት መርፌ አልወጋም።

ሽቱ ፈረሱን እየሳበች የመጣችው በሐምሌ ነው። ፈረሱ በሦስት እግሩ ነበር የሚሄደው። የፊት ቀኝ ሰኮናው ውስጥ ምስማር ገብቶ መግል ቋጥሯል፤ ትከሻውን የጋሪው ማሰሪያ ልጦታል። እንጅባራ ውስጥ ያን ፈረስ የማያውቅ የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ የገበየሁን ጋሪ እየጎተተ ከሰል ሲያመላልስ የኖረ ነው። ፈረስ ሲያነክስ ባለጋሪው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ገመዱን ፈትቶት ይመለሳል። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ይህን ማንም ወንጀል አይለውም። «አሰናበተው» ነው የሚባለው። ሽቱም ፈረሱን ያገኘችው እዚያው አስፋልት ዳር ነው።

«የማን ልበል?» አልኳት።

ሽቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስትለካ አንድ ሴንቲ አትጨምርም፣ አትቀንስም።

«የገበየሁ ነው» አለች።

«ከፋይዋ አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ። ፈረሱ ግን የገበየሁ ነው።»

ጻፍኩ። ገበየሁ። መልኩ ዳማ፣ ግንባሩ ቦቃ። ከዚያ በኋላ በሰባት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ መጣች፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ ያንኑ ስም ገለበጥኩ።

ሰፈሩ ሳቀባት። ጎረቤቷ ወርቅአየሁ በአጥር ላይ አሻግራ፣ «የማይጭን የማይጋለብ ፈረስ ከምትቀልቢ ባል ብታገቢ ይረክስልሽ ነበር» አለቻት።

«ባል ፉርሽካ አይበቃውም» አለች ሽቱ።

ፉርሽካው ግን እየተወደደ ሄደ። በመስከረም ከሁለቱ የልብስ ስፌት መኪናዎቿ አንዱን ሸጠች። በጥቅምት ፈረሱ አጥር ጥሶ የሰው ገብስ በላ፤ ካሳውን ከፈለች። በየካቲት ሰኮናው ሞላ፣ ጠጉሩ አበራ። አልጋለበችውም፣ ጋሪም አላስጎተተችውም። ጠዋት ጠዋት በገመድ እየመራች ሣር ላይ ታውለዋለች። ገበየሁ ያየው እዚያ ነው። ያን ጊዜ በሰው ጋሪ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር።

ሱቋ ድረስ መጣ። «ፈረሴን ስላቆየሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አላት፤ እጁ ገመዱ ላይ ነው።

«ለጅብ የሰጠኸውን ከጅብ ጠይቅ» አለችው።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተቀመጡ። የዳኝነቱ መሪ ጋሽ ይሄይስ ነበሩ። በዚያው ቀን ጠዋት ወርቅአየሁ ቤቴ መጥታ፣ «ዶክተር፣ አንድ ስም ብትፍቅ ምን ትሆናለህ?» ብላኝ ነበር። ዶክተር አይደለሁም፤ በከተማው ግን እንዲያ ይሉኛል። ካርዱ የመንግሥት ነው አልኳት። ሽቱ ራሷ ምንም አልጠየቀችኝም።

ገበየሁ ቆሞ ተናገረ። «ለጅብ አልሰጠሁትም። ሣር ላይ ለቀቅሁት። ሣር ላይ የለቀቀ ሁሉ ፈረሱን ጣለ ከተባለ፣ የእንጅባራ ፈረስ በሙሉ የሽቱ ነው።»

ሰው ሳቀ።

«ገመዱንም ፈተኸዋል» አለች ሽቱ።

«ተጠልፎ እንዳይሞት ነዋ። አንቺ ብቻ ነሽ የምታዝኝለት?»

«በሦስት እግሩ ከጅብ እንዲያመልጥ ነው የፈታኸው?»

«ከጅቡ ቀድመሽ ደረስሽ። ልዩነታችሁ ያ ብቻ ነው።»

ጋሽ ይሄይስ በእጃቸው ጸጥ አሰኟቸውና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ካርዱ የማን ይላል?»

«የገበየሁ ይላል፣ ጋሼ።»

«ማን አስጻፈው?»

አፌን ሳልከፍት ሽቱ፣ «እኔ ነኝ ያስጻፍኩት» አለች።

ጋሽ ይሄይስ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩ። «ከአፍሽ ወጥቷል እንግዲህ» አሉ። «ፈረሱ የገበየሁ ነው። ባለቤት የሆነ ሰው ግን የፈረሱ ጀርባ ብቻ አይደለም የሚደርሰው፤ ሆዱም ቁስሉም የእሱ ነው። ያወጣችውን እስከ ሐሙስ ይክፈላት። ካልከፈለ ፈረሱ የእሷ ሆኖ ይቀራል። ስንት አወጣሽ?»

ገበየሁ አምስት መቶ ብር እንኳ እንደሌለው የማያውቅ አልነበረም። ወርቅአየሁ ከሽቱ ጀርባ ጠጋ ብላ፣ «አርባ ሺህ በይ። ማን ይቆጥርብሻል?» አለቻት። እኔ ሰማሁ። ጋሽ ይሄይስም ሰምተዋል። መስማታቸውን ያወቅሁት ጋቢያቸውን ለማስተካከል በፈጀባቸው ጊዜ ነው። አስተካከሉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አስተካከሉት።

ሽቱ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ከቦርሳዋ አወጣች። የመጨረሻውን ገጽ አንብባ፣ «አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ስልሳ» አለች። ቆይታም፣ «ስልሳው የገመድ ነው። ገመዱን ካስቀረሁ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ» አለች።

ገበየሁ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቋ መጣ። እኔም ርክክቡን እንድመሰክር በሽማግሌዎቹ ተልኬ እዚያው ነበርኩ። ፈረሱን በሠላሳ አራት ሺህ ግምጃ ቤት ከሚባለው ከተማ ለመጣ አንድ ባለጋሪ አስቀድሞ ሸጦታል፤ የያዘው ገንዘብ ቀብድ ነው። በፌስታል የተጠቀለለውን ብር ስፌት መኪናዋ ላይ፣ ግማሽ የተሰፋ ቀሚስ ላይ ጣለው።

«ቁጠሪ። አንቺ መቁጠር ትወጃለሽ።»

ቆጠረች። «ስልሳ ተርፏል። ገመዱን አስቀርቼዋለሁ» ብላ ስልሳ ብር መለሰችለት።

ገበየሁ የራሱን ገመድ ይዞ ነበር። የእሷን ፈታና በእግሯ ሥር ወረወረው። «ደህና አድርገሽ ነው ያደለብሽው። እኔ ብይዘው ኖሮ ግማሹን አያወጣም ነበር።»

«ያ ሰኮና ጭነት አይችልም» አልኩት።

«እሱን የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ይወቀው። አንተ ጻፍ፤ ሥራህ እሱ ነው።» ፈረሱን ሳበና ከበሩ ላይ ወደ እሷ ዞረ። «ከናፈቀሽ ደግሞ አስፋልቱ ዳር ሞልቶልሻል። ሌላ ምረጪ።»

ፈረሱ ሣር ወደሚበላበት በኩል ሊታጠፍ ሲል አንገቱን ጎትቶ አቀናው። ሄዱ።

ሽቱ ገመዱን ከመሬት አንስታ በክንዷ ላይ ጠቀለለችው። እኔ ላይ ዓይኗን አላሳረፈችም። «ሰው ሲነግርህ መጻፍ ብቻ ነው የምትችለው?» አለችኝ። ብሩን ገና አላነሳችውም። ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስንገናኝ ተሻግራ ታልፈኝ ጀመር።

በሚያዝያ ያንኑ ገመድ ይዛ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመች። ገመዱ ጫፍ ላይ ነጭ ባዝራ አለች። ዳሌዋ ቆስሎ ዝንብ ሰፍሮበታል፤ የኋላ እግሯን መሬት ለመሬት ትጎትታለች። ባዝራዋን አውቃታለሁ። ደረሰ የሚባለው ባለጋሪ ናት ባለቤቷ፤ ባለፈው ሳምንት ሲሚንቶ ጭና በደጄ አልፋለች። ጆሮዋ ላይ ያለውን ስፌት የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ካርዷ በደረሰ ስም መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። «የማን ልበል?»

«የእኔ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን አልሰበረችም።

«ደረሰ ቢመጣስ?»

«ይምጣ።»

አዲስ ካርድ አወጣሁ። የባለቤት ስም ከሚለው ፊት ሽቱ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ የደረሰን ካርድ ፈለግሁና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ስታየኝ ነበር፤ አላመሰገነችኝም።

ቁስሉን አጥቤ መርፌውን ወጋሁ። «ሁለት መቶ አርባ» አልኳት።

ሁለት መቶ አርባ ብር ቆጥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ደብተሯን አወጣች፤ ቀኑን ጻፈች፣ ከቀኑ ፊት ለፊት ደግሞ ስድስት መቶ ብላ ጻፈች።