የቻይ የሸክላ ጨፋሪዎች

ቻይ እህል ነጋዴ ነው፤ በሉዎያንግ ከተማ የእሱን ጎተራ የማያውቅ አይጥ እንኳ የለም። ዕድሜ ልኩን ከሚስቱ ከወይዘሮ መንግ ጋር ኖረ፤ ዕድሜ ልኩን ስትነዘንዘው። በሕይወቴ ያጣሁትን ዕረፍት ከሞትኩ በኋላ እንኳ ላግኝ አለና፣ እንደ አገሩ ልማድ ከሬሳው ጋር የሚቀበር የሸክላ ምስል በቁሙ ሊያዝዝ ወደ ሸክላ ሠሪው ወደ ጓን ሄደ።

"ግመል ይኑር፣ ፈረስ ይኑር። ጨፋሪዎች ደግሞ ስድስት፤ ወፈር ወፈር ያሉ፣ ፈገግ ያሉ።"

"ለእመቤቴስ የሚሆን አንሠራም?" አለ ጓን ጭቃውን ቅርጽ ማውጫው ውስጥ እየጠቀጠቀ።

"እሷ ስትሞት እኔው ጉድጓድ መግባቷ መች ይቀራል? እስከዚያው ትንሽ ልተንፍስ እንጂ።"

ጓን ሳቀና ሥራውን ቀጠለ። የእያንዳንዷን ጨፋሪ ሁለት ግማሽ አካል አጣብቆ፣ ቀሚሱ ላይ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም አፍስሶ እሳት ውስጥ ከተተው። ፊታቸው ግን ባዶውን ነው የሚተኮሰው፤ ቅንድቡም ከንፈሩም የሚሳለው ከእሳት ከወጣ በኋላ ነው። ቻይ ፊቱ እስኪሳል ቆሞ አልጠበቀም፤ ደስ ብሎት ወደ ጎተራው ተመለሰ።

የሰው ሐሳብ እንግዲህ ይኸው ነው። በመከር ወይዘሮ መንግን ብርድ መታትና ቀድማ ሞተች። የባልና የሚስት መቃብር አንድ ነውና ምስሎቹም አብረዋት ሊወርዱ ሆነ። በቀብሩ ቀን ጋሪ ላይ ተደርድረው በገበያው መሃል ሲያልፉ፣ ሕዝቡ አፉን በእጁ ይዞ በሳቅ ይንፈቀፈቅ ጀመር። ቻይ ቀረብ ብሎ አየ። ስድስቱም ጨፋሪዎች ቁርጥ ወይዘሮ መንግን፤ ያው የተቋጠረ ቅንድብ፣ ያው አገጭ።

"ምን ጉድ ነው የሠራህብኝ?" አለው ጓንን።

"እመቤቴ ሰምተው መጡብኛ፣ ጋሼ። 'እዚያ ሄዶ ሊያርፍ? ሞቼ ነው ቆሜ!' ብለው አጠገቤ ቁጭ ብለው አሳሉኝ። እምቢ ልበላቸው? እርስዎ እምቢ ብለዋቸው ያውቃሉ?"

ቻይ ሳቀ። እየሳቀ እንባው መጣ፤ ከዚያ ማቆም አቃተው።

መቃብሩ ሲዘጋ ውስጥ የቀሩት ጨፋሪዎች አምስት ናቸው። ስድስተኛዋን በሰፊው እጅጌው ሸሽጎ ቤቱ አስገባት። የመቃብር ዕቃ የገባበት ቤት ደግሞ ለማን ይበጃል? ወጥ ቤቷ ወዲያው ጓዟን ጠቅልላ ውልቅ አለች፤ ጎረቤቱም አበደ አለ።

እሱ ጉዳዩም አይደል። በማግስቱ ጠዋት የዳጉሳ ገንፎውን ራሱ አሳርሮ አቀረበና ምስሏን ፊት ለፊቱ አስቀመጠ። አንዴ ጎርሶ ጠበቀ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ያ ሲመኘው የኖረው ዕረፍት መጥቶለታል።

"አርሯል" አላት። "በይ እንጂ፣ ተቆጪኝ።"