ከዳሪል ጎን

«አንቺስ ለምን አልሄድሽም?» አላት ዳሪል። የኔነሽ ደብተሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

ሬክስዴል ሰፈር ባለው የጎልማሶች የንባብ ክፍል፣ ከአሜሪካ፣ ከኬንታኪ የመጣው ዳሪል ማንበብ እንደማይችል የታወቀ ዕለት፣ ሌሎቹ ተማሪዎች «አሜሪካዊ ሆነህ? ሬድኔክ!» ብለው ሳቁበት፤ ወንበራቸውንም እየጎተቱ ራቁት። የኔነሽ ብቻ አጠገቡ ቀረች። በዚያ ክፍል ሰላም የሚላት እሱ ብቻ ነበር።

ቤት ስትገባ ልጇን ሩቲን ጠየቀቻት። «ሬድኔክ ምንድን ነው?»

«ደሃ፣ ያልተማረ ፈረንጅ ነዋ። ዶንት ወሪ ማሚ፣ አንቺን አይመለከትሽም።»

«ከፈረንጅነቱ በቀር እኔስ ምንድን ነኝ?»



በማግስቱ የኔነሽ ለዳሪል ጥያቄ ይህንኑ ልትመልስለት፣ አውቶቡስ ውስጥ እንግሊዝኛውን ለብቻዋ ስትለማመድ ሄደች። ዳሪል ትምህርቱን እንደተወ አስተማሪዋ ነገረቻት። የሳቁበት ግን ሁሉም አሉ፤ የኔነሽም አለች።