ያልተቀበለው ግጥም

በስደት አገር፣ ጀብራ ሰፈር ያለው የኢትዮጵያውያን ክለባችን የኪነት ቡድን አለው። ቢልልኝ ማሲንቆ ይመታል፣ እኔ ትርንጎ እስክስታ እወርዳለሁ፣ ሊቀመንበሩ አቶ ሰብስቤ ደግሞ ይፈራሉ። ፖሊስ ይፈራሉ፣ የሰው አፍ ይፈራሉ። በዚህ የተነሣ ኮሚቴው አስቀድሞ ያልሰማው ግጥም መድረክ ላይ እንዳይባል ከለከሉ። አዝማሪን እንዲህ ማለት አውራ ዶሮን ሳታስፈቅድ አትጩህ እንደ ማለት ነው። ግን የቢልልኝ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ በክለቡ በኩል የወጣ ስለሆነ እሺ አለ።

በእንቁጣጣሽ ዝግጅት አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ ያረጋል ከኋላ ተነሣ። ማዮ ሰፈር የሚኖር የቀን ሠራተኛ ነው። ታናሽ ወንድሙ አንዱዓለም ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል ከሚሠራ ፎቅ ወድቆ ከሞተ ገና ወሩ ነበር። ክለቡ «አባላችን አይደለም» ብሎ ለቀብሩ አንድ ሰው እንኳ አልላከም፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሠርግ ነበር።

«ተቀበል» አለው ቢልልኝን።

«ባሕሪ ወድቆ ሞቶ ወንድሜ ሲቀበር፣
ክለባችን ያን ቀን ጭፈራ ላይ ነበር።»

አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም አይመልስም። ስድብም ቢሆን ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ወጉ ነው። ቢልልኝ አፉን ከፈተ። ወዲያው የፊት ወንበር ላይ አቶ ሰብስቤን አያቸው፤ ማሲንቆውን ብቻ ገዘገዘ እንጂ ቃል አልወጣውም። ያረጋል ዜማው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀና ወጣ። እኔም እስክስታዬን አላቋረጥኩም።

ከዚያ ወዲህ ቢልልኝ «ኮሚቴው የሰማውን ግጥም ስጡኝ» ሲል እንኳ የሚነሣ ጠፋ። ያጨበጭቡለታል፣ ይሸልሙታል፣ ግጥም ግን የለም። ሰውየው እየከሳ ሄደ።

አንድ ጁምዓ፣ በዕረፍት ቀናችን፣ እኔና ቢልልኝ በረክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ማዮ ወረድን። ያረጋል «ተፈደሉ» ብሎ አስቀመጠን፣ ሻይ አመጣልን። ቢልልኝ ማሲንቆውን ከጨርቁ አወጣና ያችን ግጥም ቃል ሳያጎድል ተቀበላት። እንደዚያ አድርጎ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። እኔ አለቀስኩ፣ ቢልልኝም አለቀሰ።

ያረጋል ታግሦ አስጨረሰው።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም ወንድሜ፣ አልተቀየምኩህም» አለው። «ግን እኔማ ግጥሙን አውቀዋለሁ። የሰጠሁህ እነ አቶ ሰብስቤ እንዲሰሙልኝ ነበር።»