የግራው ቁልፍ

ጫማውን የሚገዙት የውጭ ድርጅቶች "ዓለም አቀፍ የሠራተኛ መብት ይከበራል ወይ?" ብለው ተቆጣጣሪ የሚልኩበት ሰሞን የጫማ ፋብሪካው ሰው ሆኖ ይሰነብታል። ጓንት ይታደላል፤ ዓመት ሙሉ የተዘጋ መስኮት ይከፈታል። ከሁሉ በላይ ከቆዳ መቁረጫዎቹ ላይ ፕላስተሩ ይነሳል። ማሽኑ ግራና ቀኝ ቁልፍ አለው፤ በሁለት እጅ ካልተጫኑት ቢላው አይወርድም። እጅ ቢላው ሥር እንዳይገኝ ነዋ! ግን ሥራ ያዘገያል ተብሎ የግራው ቁልፍ እንደተጫነ በፕላስተር ታስሮ፣ ቢላው በቀኙ ብቻ እየወረደ ይከርማል። ጉድ እኮ ነው!

ቆራጯ ታናሽ እህቷን ያስቀጠረቻት በዚሁ በደጉ ሳምንት ነው፤ ያውም ስንቱን ደጅ ጠንታ። ልጅቷ ቀልጣፋ ናት። በቀኟ ቁልፉን ጫን አድርጋ በግራዋ ቆዳውን ታቃናለች፤ ከዚያ የግራውን ትጫናለች። እንደዚያ ለመደችው።

ተቆጣጣሪዋ መጥታ ቆራጯን "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሠሩት?" አለቻት። ሠራተኛው "ቶሎ-ቶሎ" እያለ የሚጠራው ፎርማን ከኋላ ቆሟል፤ እህቷም ትሰማለች።

"ሁልጊዜ" አለች። ምን ትበል? እውነቱን ብትናገር ሁለቱም መባረራቸው ነው፤ ቤት ደግሞ ሌላ የሚሠራ ሰው የለም። ልቧ እንኳ አልደነገጠም፤ ይሄን ውሸት ስንቴ ዋሽታዋለች።

ተቆጣጣሪዋ በሄደች ማግስት፣ ከምሳ ሲመለሱ ፕላስተሩ ቦታው ላይ ነው። ሁሉም ወደየማሽኑ ገባ። ቆራጯ ልሂድና ለእህቴ ልንገራት ብላ ብድግ አለች።

"ወዴት ነው? ስትዞሪ ልትውዪ ነው እንዴ?" አለ ቶሎ-ቶሎ።

ፕላስተሩን ደግሞ ማን ሳያየው ይቀራል አለች በሆዷ፤ ተመልሳ ተቀመጠች። አይተው የሚያውቁትስ ነባሮቹ ናቸው! ልጅቷ ፕላስተር ያለበት ማሽን መቼ አይታ ታውቃለች? የተሰበረ ነገር የጠገኑ መስሏት፣ እንደለመደችው በቀኟ ተጫነች፤ በግራዋ ቆዳውን ልታቃና።

ልጅቷ ሐኪም ቤት ግራ እጇ ተጠቅልሎ ተኝታለች። ሦስት ጣት የለም። ቆራጯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንባዋን ጠበቀች፤ አልመጣም። ቶሎ-ቶሎ ነገ እንዳትቀሪ ብሏታል፤ እሺ ብላዋለች።

"እትዬ፣ አሳፈርኩሽ አይደል?" አለች ልጅቷ። "ስንት ሰው ለምነሽ ያስገባሽኝን! ሳላውቀው ሁለቱንም ተጭኜ ነው መሰለኝ።"

ቆራጯ አፏን ከፈተች። እህቷን ታውቃታለች፤ እውነቱን ከሰማች ዝም አትልም፣ ለተቆጣጣሪዋም ለሁሉም ትናገራለች። ያን ጊዜ የቀረው አንድ እንጀራም አለቀለት።

ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበችላት።

"አይዞሽ የኔ እናት" አለቻት። "አዲስ ሰው ይሳሳታል።"