ያልተሰካው ሽቦ

ፈታሿ እጇን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ስትሰድ በስክሪኑ ላይ የሚሄደው አረንጓዴ መስመር ዘለለ። እጇን ሰበሰበች፤ መስመሩ ተኛ። ደግማ ሰደደች፤ ጅራፍ እንደሰማ በቅሎ ደግሞ ዘለለ። ቦርዱን ገና አልነካችውም። አንድ ስንዝር ይቀራት ነበር።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ተነሳች። ሹራቧን በራሷ ላይ ስታወልቅ ፀጉሯ ተንጨባረረ፤ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር እንደ ደረቅ ቅጠል ተንጣጣ። የውሃ ቧንቧውን ያዝ ስታደርግ ጣቷን ቆነጠጣት። ተመልሳ እጇን ወደ ቦርዱ አስጠጋች። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

ከጠረጴዛዋ ሥር «የወደቁ» ተብሎ የተጻፈበት ቀይ ሳጥን አለ። አንድ ቦርድ አውጥታ ፈተነችው፤ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ከሃያ ሦስቱ ሃያ አንዱ አለፉ።

እነዚያን ቦርዶች የበየዱት እትዬ መርፌ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሥራ ታግደው ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

ፋብሪካው ትንሽ ነው፤ ለሆስፒታሎች የልብ ምት መከታተያ ይገጣጥማል። እትዬ መርፌ ሃያ ሁለት ዓመት በያጅ ሆነው ሠርተውበታል። የብየዳ ነጥባቸው እንደ ጥልፍ ስለሚያምር «መርፌ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ በዚያው ጸና። ከልብ የሚመጣውን ደካማ ምልክት የሚቀበለውን ስስ ክፍል የሚበይዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዘንድሮ አየሩ ደርቆ ነፋስ ሲበዛ ግን ቦርዶቻቸው ፈተና ላይ መውደቅ ጀመሩ። የፋብሪካው ኢንጂነር በማጉያ መነጽር ቢያገላብጣቸው እንከን አላገኘም። ቢሆንም ፈታሿ የምትሞላው ቅጽ «ወድቋል» ይላል፤ ቅጽ ደግሞ አይዋሽም። «ዕድሜ ነው» አለ በመጨረሻ። «ዓይንም ይደክማል፣ እጅም ይደክማል።»

የእጅ ማሰሪያ የሚባል ነገር አለ። ሰውነት ከሹራብና ከወንበር ጋር ሲፋተግ የሚያጠራቅመውን ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ ወደ መሬት ያወርዳል። ፈታሿ ማሰሪያውን በየቀኑ ታስራለች። የሽቦውን ጫፍ ከሰካችው ግን ቆይቷል። እየተጠላለፈ ሲያስቸግራት፣ አንድ ቀንም ቦርድ ጎትቶ ሲጥልባት፣ ጫፉን ጋውኗ ኪስ ውስጥ መክተት ለመደች። ያም ሆኖ በየማለዳው «የእጅ ማሰሪያ ተረጋግጧል» ከሚለው አጠገብ ትፈርማለች።

ልትናገር ተነስታ ነበር። የኢንጂነሩ በር ጋ ስትደርስ የሁለት ወር ፊርማዋ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። የቋሚ ቅጥር ወረቀቷም በዚያው ሳምንት እሱ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቅ ነበር። ተመለሰች። «ሽቦውን ልሰካው፤ ቦርዶቹ ማለፍ ይጀምራሉ፤ ያኔ ራሳቸው ይጠሯቸዋል» አለች በሆዷ። ያለፉትን ሃያ አንድ ቦርዶች መልሳ ቀዩ ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው።

ከዚያን ቀን ወዲያ አንድም ቦርድ አልወደቀም። እትዬ መርፌን የተካች በያጅ ሥራ የጀመረችው ግን በዚያው ቀን ነበር። ፈታሿ ይህንን አላሰበችውም። ኢንጂነሩ በየዕለቱ ቅጹን እያየ ፊቱ ፈካ።

«አየሽ?» ይላታል። «አሮጊት ሴት በደለ ብላችሁ አምታችሁኝ ነበር። ይኸው፣ እሳቸው ከሄዱ ወዲህ አንድ የወደቀ የለም።»

በእጇ ያቃናችው ነገር በእሳቸው ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ።

በአምስተኛው ቀን ምሳ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ። እትዬ መርፌ ነበሩ።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? ሥራ አስፈታሁሽ?»

«ኧረ የለም እትዬ። ምሳ ላይ ነኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ አንቺ አትዋሺኝም። አዲሷ የምትበይዳቸው፣ ያልፋሉ?»

«ያልፋሉ» አለች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ እትዬ መርፌ። «እኔ እኮ አላመንኳቸውም ነበር። ተመስገን፣ ለታማሚ ከመድረሱ በፊት አንቺ ያዝሽው። ባትይዥው ኖሮ በእኔ እጅ ሰው ይሞት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ምግቡን ከድና ተነሳች፤ ከዚያ በኋላ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ምሳ አልበላችም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ቢሮው ጠርቶ የታሸገ ፖስታ ሰጣት።

«የእትዬ መርፌ ቤት በአንቺ መንገድ ነው አይደል? ስታልፊ ስጪልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«የጡረታ ደብዳቤያቸው። በክብር ነው የምንሸኛቸው፤ ክፉ ነገር አልጻፍኩም። ያንቺም ወረቀት ተፈርሟል። ከነገ ጀምሮ ቋሚ ነሽ፤ እንኳን ደስ ያለሽ።»

ፖስታውን ይዛ እስከ ደረጃው ሄደች። ተመልሳ ሳታንኳኳ ገባች።

«ኢንጂነር፣ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። የእኔ ነው።»

ሹራቡን፣ ሽቦውን፣ የጋውኗን ኪስ ነገረችው። አላመናትም። ስለዚህ ወደ መፈተኛው ጠረጴዛ ወስዳ የራሱን ናይለን ጃኬት አስወልቃ ለበሰችው፤ ወንበሩ ላይ ጥቂት ተፋተገችና ሽቦው እንደተነቀለ እጇን ወደ ቦርዱ ሰደደች። መስመሩ ዘለለ። ሽቦውን ሰክታ ደገመችው። መስመሩ ተኛ። ቀይ ሳጥኑን ጎትታ ከውስጡ አንድ በአንድ እያወጣች ፈተነችለት። ኢንጂነሩ ከስድስተኛው በኋላ «ይበቃል» አለ።

ጃኬቱን ተቀብሎ ሳይለብስ ክንዱ ላይ አደረገው። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ» አለች። ቃሉ ሳታስበው አመለጣት።

ኢንጂነሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ዛሬ ከሆነ ደህና። ሰው ይሳሳታል፤ ሁላችንም ተሳስተናል። አጭር ሪፖርት ጻፊ፣ የዛሬን ቀን አድርጊበትና ነገ ጠዋት አምጪልኝ። ፖስታውን ወዲህ በይው። እሳቸውን ነገ ይግቡ በያቸው።»

ሪፖርቱን እዚያው ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሩን የከፈተችላት የእትዬ መርፌ ልጅ ናት። እትዬ መርፌ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ላይ ፈታሿ የማታውቀው ወፍራም መነጽር አለ። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ልጃቸው ሁለተኛ ልትቀዳላቸው ስትል ብርጭቆውን ሰጧትና «አንቺው ያዥው፤ እጄን አላምነውም» አሉ።

«እትዬ» አለች ፈታሿ ሳትቀመጥ። «እጅዎ ምንም አልሆነም። ቦርዶቹ ደህና ነበሩ። መሣሪያውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነገ ይግቡ ብለዋል።»

ከዚያ እንዴት እንደሆነ አስረዳቻቸው። ልጃቸው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «እኔስ ምን ብዬ ነበር፣ እማዬ» አለች ቀስ ብላ። እትዬ መርፌ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ መዳፉንም ጀርባውንም እያገላበጡ፣ እንደ ሰው ዕቃ ያዩት ጀመር።

«መቼ አወቅሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

ፈታሿ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ውስጡ ያለው ወረቀት ዛሬ ይላል። ዛሬ ብትል የሚያስተባብላት ሰው የለም።

«አሥራ ሁለት ቀኔ ነው» አለች።

«ስልክ የደወልኩልሽ ዕለት...»

«አውቅ ነበር።»

እትዬ መርፌ መነጽሩን አወለቁ። «የስፌት መኪናዬን ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት ባለፈው እሑድ ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። «ሠላሳ ዓመት የሰፋሁበት። ሲጭኑት እንዳላይ ጓዳ ገብቼ ነበር።»

«ይቅርታ» አለች ፈታሿ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ማነሱን ራሷም ሰማችው።

«ነገ እመጣለሁ» አሉ እትዬ መርፌ። «ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ። እጄን ልየው ብዬ ነው።»

ልጃቸው እስከ በሩ ሸኘቻትና ዘጋችው።

ውጭ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ፈታሿ አጥሩ ጥግ ቆማ ሪፖርቱን አወጣች፤ ቦርሳዋ ላይ አስደግፋ ቀኑን ሰረዘችና ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የነበረውን ጻፈችበት። ወረቀቱ ቤቷ ካደረ ቀኑን መልሳ «ዛሬ» አድርጋ በንጹሕ ገልብጣ እንደምትጽፈው ራሷን ታውቃለች። ወደ ቤቷ የሚወስደው አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተላት። አሳለፈችው። መንገዱን ተሻግራ ወደ ፋብሪካው የሚመለሰውን ትጠብቅ ጀመር።