ለእማማ አስካለ የተገጠመ መጥሪያ

መቅደላዊት መሐል ሜዳ ላሠራችው ቤት ሁለት የበር መጥሪያ አዘዘች። ኤሌክትሪሺያኑ ቸሩ አንዱን ከፍ አድርጎ ገጠመና ሽቦውን እስከ ሳሎን ዘረጋ።

«ሁለተኛው ዝቅ ይበል፤ ለባለቤቴ እናት ነው። ሽቦ አያስፈልገውም» አለችው።

«ታዲያ በምን ይጮኻል?»

«ማን ይጩህ አለህ? አሮጊቷ ከጓሳ በመጣች ቁጥር ‹ቤቶች! ቤቶች!› እያለች ጎረቤት ትሰበስብብኛለች። መጥሪያ ካገኘች አፏን ዘግታ ትጫናለች።»

ቸሩ ከት ብሎ ሳቀና ገጠመው።

ቅዳሜ በዚያ ሲያልፍ እማማ አስካለ ዝናብ እየወረደባቸው፣ ቅል ሙሉ ቅቤ ታቅፈው፣ ያንኑ መጥሪያ ይጫናሉ።

«ልጄ፣ ይሰማቸው ይሆን? ከጠዋት ጀምሮ ነው የምጫነው።»

«ይሰማቸዋል፣ እማማ። እጅዎን እንዳያነሡ» አላቸውና ጃንጥላውን አስተካክሎ አለፈ።