የአምባዛው ትል ዘር

«ወንዱ የቱ ነው?»

«ወንድ፣ ሴት... አንድ! አንድ ትል!»

«ወይ ጉድ! ከሚስቱ ሲጣላ ማን ሊገላግለው ነው?»

እንዲህ ሲባባሉ የሰማሁት በጣልያን ጊዜ፣ አንኮበር፣ ወደ ከብት ሐኪሙ ድንኳን ስገባ ነው። ዘመኑ ርቋል፤ ቃሉን እንዳለ ይዤዋለሁ አልልም። የሚስቀው የአልዩ አምባው ዓሣ ነጋዴ አብዱልሀሚድ ነበር፤ በተሰባበረ አማርኛ የሚመልስለት ጣልያኑ ሐኪም። እኔ ጣልያንኛን ከመንገድ ሠራተኞች አፍ የለቀምኩ አስተርጓሚ ነበርኩ።

አብዱልሀሚድ ይሳቅ እንጂ ጭንቅ ላይ ነው። የጣልያኑ ጦር ሹም ዓሣው በሚተነፍስበት ስንጥብ ላይ ጠፍጣፋ ትል አይቶ፣ «ሰው ሆድ ገብቶ ይራባል» ብሎ ቤተሰቡ የሚተዳደርበትን ንግድ ከልክሎታል። ሐኪሙ ትሉ ዘሩን እዚያው ስንጥቡ ላይ አብስሎ፣ እዚያው እንደሚራባ ያውቃል። ሹሙ ግን «በሥዕል አሳየኝ» አለ፤ የሐኪሙን እጅ ደግሞ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ አብዱልሀሚድ ሕያው አምባዛ ዓሣ በእንስራ ውሃ ጭኖ፣ ብራና ጸሐፊውን መሪጌታ ወልደአረጋይን ለምኖ አመጣ። የመሪጌታ ወንድም ከአርበኞች ጋር ዱር ነው። ለጣልያን ወረቀት እጃቸውን ማበደር አልወደዱም፤ የመጡት ለወዳጅነት ብቻ ነው።

ሐኪሙ ትሉን ከስንጥቡ አንሥቶ መስተዋት ላይ አደረገና ማጉያውን መነጽር አስጠጋላቸው። መሪጌታ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱ። 

«አበባ! ቅጠሎቹ መሐል ላይ የተያያዙ አበባ!»

«አበባ አይደለም መሪጌታ፤» አልኩ፣ ሐኪሙ የሚለውን እየተረጎምኩ፤ «የወንድነት ዘሩ ነው። አንዷ ፍሬ ሁለት ትሆናለች፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት... ኋላ እያንዳንዷ እንደ ክር ትረዝምና ከእቅፉ ትለያለች።»

መሪጌታ መቁጠሪያቸውን አወጡ። በአንድ ጨሌ አንድ ዘር፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ። ተሳስቻለሁ ብለው እንደገና ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ መቁጠሪያውን ወደ ላይ አነሡት።

«ስድሳ አራት! ጨሌዬ ልክ አለቀ!»

«ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ስድሳ አራት!» ብሎ ሐኪሙ ሲዘል ወንበሩ ተገለበጠ። እኔም፣ ለዚች ከኑግ ለማትበልጥ ትል ይህ ሁሉ ጥንቃቄ! ብዬ በልቤ ተመስገን አልኩ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ግን ሐኪሙ ጮኸ። ስድሳ አራቱም ዘሮች ሁለት ሁለት ዓይን ነበራቸው፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቅዱሳን ትልልቅ፣ ክብ ዓይን።

«ዓይን የለውም ይላል ሐኪሙ፤» አልኳቸው፤ «ሹሙ ካየው ይቀደዋል።»

«ሕያው ፍጥረት ያለ ዓይን አይሣልም። ለሰይጣን እንኳ በጎን ሥለን አንድ ዓይን እንሰጠዋለን፤ ይኸ ምን በደለ?» ብዕራቸውን ወልውለው ተነሡ።

አምባዛው እንስራው ውስጥ ወደ ጎኑ ዘሟል፤ መስተዋቱ ላይ ያለው ትል ቢደርቅ ሌላ የሚነሣው ከሱ ነው፤ እሱ ከሞተ ግን ትሉም፣ ዘሩም አብሮ ያልቃል። አብዱልሀሚድ ደጁ ላይ ቆመባቸው።

«መሪጌታ፣ አላህ ያልሰጠውን ዓይን እርስዎ የጨመሩለት፣ ረስቶት ነው ብለው ነው?»

«አንተ! ምላስህን ሰብስብ!»

ግን አልወጡም። ተመልሰው መነጽሩ ላይ አጎነበሱ፤ ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

«እውነትም አልሰጠውም። ሳያይም ይሄዳል፣ መንገዱን ያውቃል!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ፤ «በል ንጹሕ ወረቀት አምጣ፣ ዓሣው ሳይሞት። ስድሳ አራቱንም እንዳየኋቸው እሥላቸዋለሁ፣ ያለ ዓይን። ስሜ ግን አይጻፍበትም፤ ሹሙም ዘንድ አንተው ታደርሰዋለህ።»